ለብቻው የተቀመጠ ጣባ

እናቴ ለብቻዋ መብላት የጀመረችው በእኔ ትእዛዝ ነው። ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ያ ትእዛዝ ስሕተት እንደነበረ ተማርኩ። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለ። የምጽፈው ስለነዚያ ስድስት ዓመታት ነው። የማላውቀውን ላለመጨመር፣ የሚያሳፍረኝንም ላለመዝለል እሞክራለሁ።

ቤታችን ከቡሌ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በዳገቱ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጓሯችን እንሰት ላይ ሳይነሣ እስከ ረፋድ ይቆያል። አገሩ ብርድ ነው። ምግባችን ቆጮ ስለሆነ የቤቱ ኑሮ የተንጠለጠለው እንሰቱን በሚፍቁት ሴቶች እጅ ላይ ነው። እንሰት ፍቂያን ላላየ ሰው ላስረዳ። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ሳንቃው ከፊቷ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ከግንዱ የተገነጠለውን ወፍራም ሽፋን ሳንቃው ላይ ታጋድምና ጫፉን በተረከዟ ትረግጠዋለች። ከዚያ በሁለት እጇ በያዘችው የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትልገዋለች። ለቆጮ የሚሆነው ከነውሃው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ውሃው በረዶ ነው። ይህን ሥራ አንዲት ሴት ብቻዋን አትዘልቀውም፤ ስለዚህ የሠፈሩ ሴቶች በደቦ ሆነው ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዋን ይፍቃሉ። ወንድ ወደዚያ አይጠጋም። እኔ ከሩቅ ሆኜ የመፋቂያውን ድምፅ፣ ቀልዳቸውንና ሳቃቸውን እሰማ ነበር።

እናቴ ከደቦው ሁሉ ፈጣኗ ነበረች። በቅርብ የምትኖር አንዲት ጎረቤታችን፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት፣ «አንቺ፣ ቀስ በይ እንጂ! እንሰቱ ባል አይደለም፣ አያመልጥሽም!» ስትላት፣ እናቴም «ያንቺ ባል ያመለጠሽ ቀስ ስትዪ አይደል?» ብላ ስትመልስላት፣ ሁሉም ሲንጫጩ አስታውሳለሁ። ይህ ከመታመሟ በፊት ነው።

የታመመችው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በመጀመሪያ ጠዋት ላይ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። መቀነቷን መቋጠር ስላቃታት እህቴ ትቋጥርላት ጀመር። እህቴ ከእኔ በአንድ ዓመት ብቻ ታንሳለች። እናቴ መጀመሪያ ላይ ትቀልድበት ነበር። «እኔ ተነሥቻለሁ፤ እጆቼ ገና ተኝተዋል» ትላለች። ፀሐይ ሞቅ ስትል እጆቿም ይነቃሉ። በዓመቱ ግን ፀሐይም ወጥታ አይነቁም ነበር። የጣቶቿ መጋጠሚያ አበጠ፤ የቀኙ ካበጠ የግራውም በዚያው ቦታ ያብጣል፤ ከዚያ አንጓዋ፣ ከዚያ ጉልበቷ። ቀስ በቀስ ጣቶቿ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመሩ።

ሴቶቹ የእንሰት ብርድ ነው አሉ። አንድ የአገር መድኃኒት አዋቂ መጥቶ ሁለቱን የእጇን አንጓዎች በጋለ ብረት ተኮሳት። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቀረ፣ እብጠቱም አልሄደም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። አባቴ ቅቤ እያሞቀ ያሽላት ነበር። ሁሉም የሚችለውን አደረገ። እኔም የምችለውን ለማድረግ በጣም እፈልግ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ወላጆቼ ዲላ ከዘመድ ቤት አስቀመጡኝ። እዚያ የጤና ትምህርት የሚባል ነበረን። አስተማሪያችን ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ትልቅ ሥዕል ሰቅሎ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ እንዴት እንደሚሄዱ ያሳየን ነበር፦ በእጅ፣ በምግብ፣ በዕቃ። የበሽተኛው መብያና መጠጫ መለየት አለበት። እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ፣ ተነሥ ስባል ሳልሳሳት ተወጣሁት። አስተማሪው «እንዲህ ነው ተማሪ!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ ገበያ ዳር ተቀምጠው የሚለምኑ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅ አየሁ። ጣታቸው የታጠፈ ነው። ሌላ ነገር አላስተዋልኩም፤ የታጠፈ ጣት ብቻ አየሁና የእናቴን እጅ አሰብኩ።

ለገና ወደ ቤት ስሄድ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር።

ቤተሰቡ አራት ነን፦ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴና እኔ። የምንበላው ከአንድ ገበታ ነው። እናቴ ከቆጮው ቆርሳ፣ በጎመን ጠቅልላ፣ በመከራ በምትታዘዝላት እጇ ለእህቴ ስታጎርሳት «አትብዪ!» ብዬ ጮህኩ። የሁሉም እጅ ቆመ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለ አባቴ።

«የእናቴ በሽታ ይተላለፋል። በምግብ፣ በዕቃ። አስተማሪያችን ነግሮናል።»

«የእናትህን እጅ አስተማሪህ የት አየው?»

«የሷን አላየም። የሚተላለፍ በሽታ እንዲህ ነው ብሏል።»

ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በጌዴኦ ቋንቋ ነው። ለተሕዋስያን የሚሆን ስም አላገኘሁለትም፤ ስለዚህ «በዓይን የማይታይ ትል ነው» አልኩ። እናቴ እጆቿን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግታ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው።

«አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

አባቴ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። «ከአንድ ገበታ የማይበላ ጎረቤት ነው እንጂ ቤተሰብ አይደለም» አለ። እናቴ ግን «ተወው» አለችው። «ልጁን ዲላ የላክነው እንዲያውቅ አይደል? ካወቀ በኋላ አንሰማህም ካልነው ለምን ላክነው?» ተነሣችና ከጓዳ አንድ አሮጌ የሸክላ ጣባ አምጥታ የራሷን ድርሻ አወጣች፤ ከምድጃው ወዲያ ማዶ ሄዳ ተቀመጠች። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ትሉን አልፈራውም» ትላለች። እናቴ ከማዶ ሆና «እኔ እፈራዋለሁ» አለች። «እኔ እንግዲህ ከሆንኩ ሆኛለሁ። ያንቺ እጅ ይትረፍልኝ።»

እኔ በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ሆኖም እውነቱ ይህ ነው። የተማርኩትን በሥራ ላይ አዋልኩ ብዬ ተኛሁ።

የሆነው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ያቺ ጎረቤታችን እሳት ልትጭር ስትገባ እናቴን ከምድጃው ማዶ ብቻዋን በጣባ ስትበላ አገኘቻት። ፍሟን ይዛ ወጣች። ወሬው ከጉሙ ቀድሞ ሠፈሩን አዳረሰ። የእናቴ ጣቶች ከታመሙ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ሴቶቹ አብረዋት ሲፍቁ፣ ሲበሉ፣ ሲጠጡ ምንም ብለው አያውቁም። እጇ እየዘገየ እንኳ «አንቺ ጭመቂ፣ እኛ እንፍቃለን» ይሏት ነበር። ጣባዋን ካዩ በኋላ ግን «ሥጋ ደዌ» የሚለውን ስም እርስ በርሳቸው በጆሮ ተነጋገሩ። ማንም ሂጂ አላላትም። በሚቀጥለው ደቦ አልጠሯትም፤ የእኛ ተራ ሲደርስም የመጣ የለም።

አባቴ ጎረቤቲቱን መንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቃት። የመለሰችለትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «በኛ አትዘን፤ እኛ አይደለን የለየናት። የገዛ ልጇ ነው። የተማረ ልጅ እናቱን ከገበታ የሚለያት ያወቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ እኛ መሃይሞቹ ምን አውቀን?»

እህቴ መፋቂያውን አነሣች። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ሰባት ሴቶች የሚሠሩትን ብቻዋን ልትሠራ ጓሮ ገባች። እናቴ ራቅ ብላ ጉቶ ላይ ተቀምጣ በአፏ ትመራታለች፦ «ተረከዝሽን አጥብቂ። ከትከሻሽ ነው እንጂ ከእጅሽ አይደለም። እጅሽን አትጨርሺው!» ይህን በዕረፍት ቀናት ስመጣ እሰማው ነበር። ያልተፋቀው እንሰት ጊዜው እያለፈበት ጓሮው ውስጥ ቆሞ ቀረ። የደቦው ቀን የሌሎች ሴቶች ሳቅ ከቁልቁለቱ ሲሰማ እናቴ ሥራ ያላት ትመስል ዘንድ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩ ክረምት አባቴ በቅሎ ተውሶ እናቴን ዲላ ወዳለ አንድ ክሊኒክ አመጣት። እኔም አብሬ ገባሁ። ያያት ድሬሰር የሚባል የሐኪም ረዳት ነው፤ ሕዝቡ ግን ሐኪም ይለዋል። ከደጅ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ይቸኩላል። እጇን አገላብጦ አየና መርፌ አንሥቶ ጣቷን ጠቅ አደረጋት።

«ይሰማሻል እናት?»

«እንዴት አይሰማኝ! አንተን ቢወጉህ አይሰማህም?»

ሳቀ። «ሥጋ ደዌ አይደለም። ሥጋ ደዌ የያዘው እጅ ይደነዝዛል፤ ያንቺ እንኳን ሊደነዝዝ ከሚገባውም በላይ ይሰማዋል። ቁርጥማት ነው፤ ክፉው ዓይነት።» በወረቀት የተጠቀለለ አስፕሪን ሰጣት። አባቴ እሷን ደግፎ ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«ሐኪም፣ ይተላለፋል እንዴ?»

«አይመስለኝም» አለ፤ ቀጣዩን በሽተኛ እየጠራ።

እናቴ በቅሎው ላይ ሆና «ምን አለህ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ዋሽቻት አላውቅም። «መጠንቀቅ ይሻላል» አልኳት።

ሰውየው እንደዚያ አላለኝም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ፦ «አይመስለኝም» ማለት «አይተላለፍም» ማለት አይደለም፤ በፈተና ላይ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ማርክ አያገኝም፤ የእህቴ እጅ ደግሞ በግምት አይተውም። ይህ ምክንያት ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውም ግን አልነበረም። «አይተላለፍም» ብላት ኖሮ ያለፈው አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ የደቦው ነገር፣ የእህቴ ጓሮ ውስጥ መቅረት፣ ሁሉም በእኔ ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ተጠነቀቅሁ። እናቴ «እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን አንሥታልኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሣሁትም፤ ትምህርቴን ብቻ አጠናሁ። ጣባውም ከምድጃው ማዶ ቀረ።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው መንፈቅ የሕይወት ሳይንስ የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ፤ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። አንድ ቀን በደም ውስጥ ስላሉ የሰውነት ጠባቂዎች አስተማሩን። በእንግሊዝኛ ያሉትን በገባኝ መጠን በአማርኛ ልጻፈው። ሰውነት የራሱ ዘበኞች አሉት። ዘበኛ ባዕድ ሲገባ ይዋጋል። የቤቱን ሰው ግን መተው አለበት፤ ይህን መተው የሚማረው ገና በማኅፀንና በሕፃንነት ነው። መምህሩ የመንታ ጥጆችን ምሳሌ ሰጡን። አንዳንድ መንታ ጥጆች በእናታቸው ሆድ ሳሉ ደማቸው ይቀላቀላል፤ ከተወለዱም በኋላ አንዱ የሌላውን ደም እንደ ራሱ ተሸክሞ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፤ ዘበኞቹ አይነኩትም፤ ገና በጊዜው ስለተዋወቁት። እኛ የክትባትን ትምህርት ስለተማርን ዘበኛውን መዋጋት ማስተማር እንደሚቻል እናውቃለን አሉ፤ መተውን ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። ዘበኛው መተውን ሲረሳ የገዛ ቤቱን ይወጋል። ከዚያም ምሳሌ ጻፉ፦ የእጅ መጋጠሚያዎችን በሁለቱም በኩል እኩል የሚያጠቃ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያደርቅ፣ በኋላም ጣቶችን የሚያጣምም ቁርጥማት።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ሌላው ተማሪ ሁሉ ሲጽፍ እኔ የእናቴን እጅ ሰሌዳው ላይ አየሁት።

ክፍሉ ሳይበተን እጄን አወጣሁ። «በሽታው በሳህን ይተላለፋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በምን?»

«በሳህን። አብሮ በመብላት።»

ከኋላዬ የሳቁ ነበሩ። መምህሩ አልሳቁም። «አይተላለፍም» አሉ።

«አይመስልዎትም ማለት ነው ወይስ...»

«አይተላለፍም አልኩህ። ከማን ይተላለፋል? የሚተላለፍ ነገር የለውም።»

«ብርድስ? ቀዝቃዛ ውሃስ?»

«ያባብሰዋል፤ አያመጣውም።»

«ታዲያ እንዳይመጣ መከላከያው ምንድን ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው ጠረጉ። «ዘበኛውን ሳትገድል የቤቱን ሰው እንደገና ልታስተዋውቀው ብትችል መከላከያ ይሆን ነበር። በቤተ ሙከራ በአይጥ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ለሰው እስካሁን የለም።» ከዚያ አዩኝና፣ «በአንዳንድ ቤተሰብ ይደጋገማል። የታመመው ማነው?» አሉኝ።

«እናቴ ናት።»

«እህት አለህ?»

«አለችኝ።»

ዞር ብለው ሰሌዳውን ያጠፉ ጀመር።

የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዲላ ወረድኩ፣ በማግስቱ በእግሬ ወደ ቡሌ ወጣሁ። እህቴ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ዱመርሶ ለሚባል የቡና አገር ሰው ታጭታ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሳመችኝ፤ እጆቿን ግን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ሻንጣዬን ልትቀበለኝም አልሞከረችም። ከተማ ያለ ልጅ በትንሽ ነገር ይቀየማልና ትንሽ ቅር አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት በማለዳ ወደ ጓሮ ስወጣ ከእንሰቱ መካከል ጉቶው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። ስታየኝ ደነገጠች።

«እጅሽን አሳዪኝ» አልኳት።

«ለምን? አንተ ድሬሰር ሆነሃል?»

«እባክሽ አሳዪኝ።»

አወጣቻቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት መጋጠሚያው ላይ አብጧል። በቀኝም በግራም።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ዱመርሶ ቡና ሊያጥቡ ሴቶች ሲሄዱ አብሬ ሄጄ ነበር። ለሠርጌ የሚሆን ልሠራ ብዬ። የውሃው ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ ከተመለስኩ በኋላ ግን...»

«ጠዋት ጠዋት ነው?»

«ፀሐይ እስክትሞቅ።»

«እናቴ ታውቃለች?»

«አብደሃል?» ብላ ወደ ቤቱ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስድስት ዓመት ከእሳቱ ወዲያ የተቀመጠችው ለማን ሆነና! አንዴ እንኳ ከእጇ አላጎረሰችኝም። ታምሜ ተኝቼ እንኳ አልነካችኝም፤ አባባ ነው ያስታመመኝ። ይሄን ብትነግራት አልምርህም።»

እዚያው የተማርኩትን ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ከማስታወሻዬ እንደማነብ ሆኜ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም።»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

«እና እኔ ከእናቴ እጅ ሳልበላ ያደግኩት ለምንም ነው?»

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። በመጨረሻ ግማሹን ብቻ ልናገር ወሰንኩ፦ በሽታው እንደማይተላለፍ ለእናቴ እነግራታለሁ፣ እሷም ወደ ገበታው ትመለሳለች፣ የእህቴን እጅ ለእህቴ እተወዋለሁ። ተጠንቅቄ ያወጣሁት ዕቅድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ አባቴ ባለበት ተናገርኩ።

እናቴ ከማዶ ሆና ሰማችኝ። «አይተላለፍም ያለህ ማነው?» አለች።

«መምህራችን ናቸው።»

«ያኔም አስተማሪህ ነበር ያለህ።»

«እኚህ ትልቅ ሰው ናቸው። ያኛው የትምህርት ቤት ነበር፤ እኚህ የዩኒቨርሲቲ።»

«ነገ ደግሞ ከሳቸው የሚበልጥ ይመጣል» አለች፤ እየተቆጣች አልነበረም፤ እንደሚያስብ ሰው ነው የምትናገረው። «የዚህችን ልጅ ሠርግ እንለፍ። ስድስት ዓመት የጠበቅኳትን በሁለት ወር አላበላሽም። ባሏ ቤት ትግባ፣ ጤነኛ እጇን ይዛ ትግባ፤ ከዚያ እንዳልከኝ እሆናለሁ።»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። እህቴ ቆጮዋን አስቀመጠች። ተነሥታ በምድጃው ዙሪያ ዞረችና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ እንዳመሏ ራቅ ልትል ስትል እህቴ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋችላት።

እናቴ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ የጠመመ አውራ ጣቷን አንሥታ ያበጠውን ቦታ ጫን አደረገችው።

«እዚህ?»

«አዎ።»

«ከሥሩም?»

«አዎ።»

«ወደዚህ ስታዞሪው ነው የሚብሰው።»

«አዎ።»

ቦታውን ሁሉ ታውቀዋለች። ማንም ሳይመራት አንድ በአንድ ሄደችበት። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «ማን ሰጣት?» አለችኝ።

«ማንም አልሰጣትም። የገዛ ሰውነቷ ነው። ሰውነት ውስጥ ጠባቂ አለ፤ ተሳስቶ የራሱን ይወጋል።»

«እኔ አልሰጠኋትም?»

«አንቺ አልሰጠሻትም።»

«እኔ ሰጥቻት ቢሆን ይሻል ነበር» አለች። «እኔ ከሰጠኋት ይቅር በይኝ እላት ነበር። አሁን ማን ይቅር በይኝ ይበላት?»

ያን ጊዜ የድሬሰሩን ነገር ተናገርኩ። «አይመስለኝም» እንዳለኝ፣ እኔም የነገርኳት እሱ ያላለውን እንደሆነ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቃሎቹን አሁን ደግሜ ልጽፋቸው አልፈልግም። እናቴ የእህቴን እጅ በሁለት እጇ መካከል እንደያዘች ቆየች።

«ገበታው ላይ ስትጮህ ልጅ ነበርክ» አለችኝ በመጨረሻ። «ከሐኪሙ ስንመለስ ግን አድገህ ነበር።»

በዚያው ዕለት ምሳ ላይ ወደ ገበታችን መጣች። ማንም አልጠራትም፤ ከማዶ ሆና የምትጠብቀው ነገር ስላጣች ነው የመጣችው። እጇ ገበታውን ስላልለመደው ምግቡን እያንጠባጠበች በላች። አባቴ ወደሷ ያለውን ጎን በቆጮ ሞላው።

አባቴ ደቦውን ደግሞ ሊሞክር ወደ ጎረቤቲቱ ቤት ሄደ። «አይተላለፍም ይላል ልጁ» ቢላት፣ «ይተላለፋል ያለውም እሱ፣ አይተላለፍም ያለውም እሱ! የትኛውን ልጅህን እንመን?» ብላ መለሰችው። ስለ እህቴ እጅ አልነገራትም። ለዱመርሶዎቹም እስካሁን የተነገረ ነገር የለም። ይነገር ወይስ ይቆይ የሚለውን አባቴና እናቴ ገና እየተነጋገሩበት ነው።

ወደ አዲስ አበባ የምመለስበት ዕለት ጠዋት እህቴን ጓሮ ልሰናበታት ሄድኩ። ወንድ ወደ ፍቂያ ባይጠጋም የሚከለክለኝ ደቦ አልነበረም። ሳንቃውን አቁማለች። ጣቶቿ ስለማይጨብጡላት መፋቂያውን በጨርቅ ቁራጭ መዳፏ ላይ እየጠመጠመች ነው። ጫፉን በጥርሷ ይዛ መቋጠር ስላቃታት እኔ ቋጠርኩላት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «ብወልድ፣ ሴት ብትሆን?»

«ሊይዛት ይችላል፤ ላይዛትም ይችላል። ከታመመች እናት የተወለደ ሁሉ አይታመምም።»

«እንዳይዛት የሚደረግ ነገርስ?»

እንደ ልማዴ ከማስታወሻዬ ውስጥ የሚያጽናና ነገር ፈለግሁ። ስለ ጥጆቹ ልነግራት አስቤ ነበር፤ በቤተ ሙከራ ስለሚሞክሩት ሰዎችም። አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«የለም» አልኳት።

«መቼ ይገኛል?»

«አላውቅም።»

ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተቀመጠች፤ ተረከዟን አጥብቃ መፋቅ ጀመረች። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቁልቁል ወረድኩ።